የፍላጻ ጫፍ ምርጫ፡ ተከፋች ስለት ለአጋዘን አደን የሚበጀው መቼ ነው?

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ኢንዲያን ሄድ በተባለ የባሕር ኃይል ይዞታ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2006 ድረስ በቀስት አዳኞች የተመቱ አጋዘኖች በየዕለቱ ሲመዘገቡ ቆይተዋል። መዝገቡ በኋላ ሲጠና ፍላጻ ካገኛቸው መቶ አጋዘኖች ውስጥ 82 ያህሉ መገኘታቸውን አሳይቷል። የቀሩት 18ቱ ግን ቆስለው ከአዳኙ ተሰውረዋል። አዳኞቹ ዘመናዊ መሣሪያ የያዙ ነበሩ፤ ያም ሆኖ የቆሰለው ሁሉ አልተገኘም።

የቀስት አደንን በሚመለከት የሚነሳው የሥነ ምግባር ጥያቄ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በእነዚህ ተመትተው ባልተገኙ እንስሳት ላይ ነው። መንስኤው ብዙ ነው፤ ያልተስተካከለ ዒላማ፣ የርቀት ግምት ስሕተት፣ የአዳኙ መቸኮል፣ የእንስሳው መደንገጥ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አዳኙ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በእርጋታ ሊወስነው የሚችለው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በፍላጻው አፍ ላይ የሚገጠመው ስለት ዓይነት ነው።

በአሁኑ ጊዜ በአሜሪካ ገበያ ሰፊ ቦታ የያዘው፣ በበረራ ጊዜ ታጥፎ ቆይቶ እንስሳውን ሲነካ የሚከፈተው ተከፋች ጫፍ ነው። ሻጮች ሰፊ ቁስልና ቀጥተኛ በረራ እንደሚሰጥ ይናገሩለታል፤ ሁለቱም አባባሎች እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ ስፋት ያለ ዋጋ አይገኝም። ዋጋው ምን እንደሆነና ማን ሊከፍለው እንደሚችል መረዳት የምርጫው ቁልፍ ነው።

አጋዘኑና አካባቢው

በዚህ ጽሑፍ አጋዘን የተባለው በሰሜን አሜሪካ በስፋት የሚገኘው ነጭ ጅራት አጋዘን ነው። በኢትዮጵያ አጋዘን ተብሎ ከሚታወቀው የዱር እንስሳ ጋር ስም ይጋሩ እንጂ ዘራቸው የተለያየ ነው። የኢትዮጵያው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ የአሜሪካው ወንድ አጋዘን ግን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል።

ይህ እንስሳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶ ሺዎች ወርዶ እንደነበር ይገመታል። የአደን ሕጎች ጠብቀው፣ ጥበቃውም ተጠናክሮ ከቆየ በኋላ ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደደረሰ ይነገራል። ለዚህ ለውጥ ድርሻ ካላቸው ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው፣ በጦር መሣሪያና በጥይት ላይ የሚጣል ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል የሚያዝዘው የፌዴራል ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በተደረገ ማሻሻያ የቀስት መሣሪያዎችም በሕጉ ተካትተዋል። በመሆኑም ዛሬ አንድ አዳኝ ደጋን ወይም ባለስለት ጫፍ ሲገዛ በዋጋው ውስጥ ለጥበቃው የሚሄድ የ11 በመቶ ግብር ይገኛል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የቨርጂንያና የሜሪላንድ ከተሞች ዙሪያ አጋዘን የጓሮ አትክልት ሲበላና መንገድ ሲያቋርጥ ማየት የዘወትር ነገር ነው። በተለይም በመኸር ወራት፣ እንስሳቱ በሚጠቃቁበት ጊዜ፣ ከመኪና ጋር የሚደርሰው ግጭት ይበዛል። መኖሪያ ቤቶች በተጠጋጉበት ሥፍራ ጠመንጃ መተኮስ አደገኛ በመሆኑ፣ እንደ ፌርፋክስ ካውንቲ ያሉ አስተዳደሮች በፓርኮቻቸው ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት የቀስት አደን ይፈቅዳሉ። ቁስለኛ አጋዘን በሰው ደጃፍ የመውደቁ ዕድል ሰፊ በሆነበት በእንዲህ ያለ አካባቢ የስለት ምርጫ የአዳኙ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ፍላጻ እንዴት ይገድላል?

ጥይትና ፍላጻ የሚገድሉበት መንገድ አንድ አይደለም። ጥይት በከፍተኛ ፍጥነት ገብቶ በዙሪያው ያለውን ሥጋ በኃይሉ ያደቅቃል። ፍላጻ ግን ይህን የሚያህል ኃይል የለውም፤ የሚገድለው በመቁረጥ ነው። የሳንባን፣ የልብንና የታላላቅ የደም ሥሮችን አካል ሰንጥቆ ሲያልፍ ደም በፍጥነት ይፈሳል፤ ሳንባም አየር መያዝ ተስኖት ይሟሽሻል። ሁለቱም ሳንባዎች በጥሩ ስለት ከተቆረጡ አጋዘኑ በአብዛኛው ብዙም ሳይርቅ በሴኮንዶች ውስጥ ይወድቃል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ስለቱ እንደ ምላጭ የተሳለ መሆን አለበት። የደነዘዘ ስለት የደም ሥርን ከመቁረጥ ይልቅ ገፍቶ ያልፋል፤ የተቀደደና የተደፈጠጠ ቁስልም በንጹሕ ስለት ከተቆረጠው ይልቅ ደሙ ቶሎ ይረጋል። ሁለተኛው፣ ፍላጻው በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን መውጣት ይኖርበታል።

የሁለተኛው ነጥብ ምክንያት በቀላሉ ይታያል። አብዛኛው የቀስት አዳኝ ዛፍ ላይ በተሰቀለ መቀመጫ ሆኖ ወደ ታች ይወረውራል። በዚህ ጊዜ ፍላጻው ከጎድን ከፍ ብሎ ይገባል፤ ከወጣም ዝቅ ብሎ በደረት አካባቢ ይወጣል። ደሙ ወደ መሬት የሚወርደው በታችኛው ቀዳዳ ነው። ፍላጻው ውስጥ ከቀረ ግን መውጫ ቀዳዳ ስለማይኖር ደሙ በደረት ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀማል። እንስሳው ለሞት የሚያበቃ ቁስል ደርሶበት እንኳ በመሬት ላይ የሚታይ የደም ዱካ ላይተው ይችላል። እንዲህ ያለውን እንስሳ በጨለማና በቅጠል መካከል ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

ከመስተዋት ስለት እስከ ተከፋች ጫፍ

የአሜሪካ ዘመናዊ የቀስት አደን ታሪክ ሲነሳ የሚጠቀሰው ኢሺ የተባለ የያሂ ሕዝብ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ከካሊፎርኒያ ጫካ ብቻውን የወጣው ይህ ሰው ከወገኖቹ የተረፈ የመጨረሻው ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 እስኪሞት ድረስ፣ ለሐኪሙ ለሳክስተን ፖፕ የደጋንና የፍላጻ አሠራርን አስተምሯል። ኢሺ የፍላጻ ጫፉን ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎም ከጠርሙስ መስተዋት እየፈለጠ ይሠራ ነበር። ያ ጫፍም ሥራው መቁረጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ገበያውን የያዘው ከብረት የተሠራው ቋሚ ጫፍ ነው፤ ስለቶቹ ሁልጊዜ ክፍት ናቸው፣ የሚንቀሳቀስ አካልም የለውም። ለውጡን ያስከተለው የደጋኑ ፍጥነት ነው። የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ በጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ኮምፓውንድ ደጋን ፍላጻን ከቀድሞው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ማስወንጨፍ አስቻለ። ፍጥነቱ ሲጨምር የቋሚው ጫፍ ሰፋፊ ስለቶች እንደ ክንፍ ነፋስ እየያዙ ፍላጻውን ከመስመሩ ማስወጣት ጀመሩ። ከፊት ያለው ስለት ወደ አንድ ወገን፣ ከኋላ ያለው ላባ ወደ ሌላ ወገን ይጎትታሉ።

ተከፋች ጫፍ ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ መፍትሔ ነው። ስለቶቹ በጫፉ አካል ውስጥ ታጥፈው ስለሚበሩ ነፋስ የሚይዘው ገጽ ጠባብ ነው፤ ፍላጻውም ለልምምድ ከሚውለው ስለት የለሽ ጫፍ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መስመር ይጓዛል። ሲመታም ከቋሚው ይበልጥ ይሰፋል። የቋሚ ጫፍ ስፋት በአብዛኛው ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተከፋቹ ግን ከ38 እስከ 51 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ሦስት ዓይነት አሠራር

የመጀመሪያው ዓይነት ከፊት የሚከፈት ነው። የስለቶቹ ጫፍ ወደ ፊት አቅጣጫ ታጥፎ ይቆያል፤ ቆዳ ሲነካ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይዘረጋል። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ስለቱ በሚገለበጥበት ቅጽበት ከፍላጻው ጉልበት ይወስዳል። ምቱ አግድም በሆነ ማዕዘን ሲያርፍ ደግሞ አንዱ ስለት ከሌላው ቀድሞ ቆዳውን ስለሚይዝ ፍላጻው አቅጣጫውን ሊስት ይችላል።

ሁለተኛው ከኋላ የሚከፈት ነው። ስለቶቹ በምቱ ኃይል ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ከመግቢያው ጀምሮ ሰፊ ቀዳዳ ስለሚከፍት ብዙ አዳኞች ይመርጡታል። ስለቶቹን እስከ ምቱ ድረስ በቦታቸው የሚይዛቸው የጎማ ቀለበት፣ የፕላስቲክ አንገትጌ ወይም ትንሽ መያዣ ነው። ይህ መያዣ ሲያረጅ ወይም በብርድ ሲሰነጠቅ ስለቱ በበረራ ላይ ሳለ ሊከፈት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ፍላጻው ከዒላማው ርቆ ይሄዳል።

ሦስተኛው ድብልቅ ነው። ከፊት ሁልጊዜ ክፍት የሆኑ ትናንሽ ቋሚ ስለቶች ሲኖሩት፣ ከኋላቸው ተከፋች ስለቶች ይከተላሉ። ተከፋቹ በአንዳች ምክንያት ባይዘረጋ እንኳ ቋሚው ይቆርጣል። በአንጻሩ የስለቶቹ ቁጥር በጨመረ መጠን ሥጋውን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል።

የስፋት ዋጋ

አንድ ፍላጻ ከደጋኑ ሲወጣ የተወሰነ ጉልበት ይይዛል። ያ ጉልበት ስለትን ለመክፈትም፣ ቆዳን ለመቅደድም፣ ሥጋን ለመሰንጠቅም የሚውለው ከአንዱ ቋት ተቀንሶ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ለጥልቀት የሚቀረው ያንሳል።

ሁለት አዳኞችን በምሳሌ ማነጻጸር ይቻላል። የመጀመሪያው ጠንካራ ደጋን ይስባል፤ 26 ግራም የሚመዝነው ፍላጻው በሴኮንድ 85 ሜትር ይጓዛል። ጉልበቱ ሲሰላ ወደ 94 ጁል ይደርሳል። ሁለተኛዋ አዳኝ ቀለል ያለ ደጋን ትጠቀማለች፤ 23 ግራም የሆነው ፍላጻዋ በሴኮንድ 67 ሜትር ይበራል። ጉልበቱም 52 ጁል ያህል ነው። በአምራቾች ዘንድ በተለመደው መመሪያ ለአጋዘን የሚመከረው ከ34 እስከ 56 ጁል ስለሆነ ሁለቱም ለማደን ይበቃሉ። ልዩነቱ የሚታየው በትርፉ ላይ ነው። የመጀመሪያው 51 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስለት ከፍቶም ማለፍ የሚያስችል ጉልበት ሊተርፈው ይችላል። ሁለተኛዋ ግን ትርፍ ስለሌላት በዚያው ስለት ፍላጻዋ መሐል ላይ ሊቀርባት ይችላል። ለእርሷ የሚበጀው የተሳለ፣ ጠባብና ቋሚ ጫፍ ነው።

ስለዚህ የምርጫው ቅደም ተከተል በአጭሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ማለፍ፣ ከዚያ መስፋት። ሁለት ቀዳዳ ከአንድ ሰፊ ቀዳዳ ይሻላል።

ጉልበት መጨመር የሚፈልግ አዳኝ ደጋኑን ሳይቀይር የሚያደርገው ነገር አለ። ከአንድ ደጋን የተወረወረ ከባድ ፍላጻ ከቀላሉ ይልቅ በዝግታ ይጓዛል፤ ነገር ግን የደጋኑን ጉልበት የተሻለ ተቀብሎ ስለሚይዝ ሥጋና አጥንት ሲገጥመው በቀላሉ አይቆምም። ጉዳቱ የበረራው መስመር ይበልጥ የሚጎብጥ መሆኑ ነው፤ ይህም ርቀትን በትክክል ማወቅን ግድ ይላል።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር

በማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው የስለቱ ስፋት ነው። ሆኖም ስፋት ብቻውን የቁርጡን መጠን አይናገርም፤ የስለቶቹ ቁጥርም መታየት አለበት። ሁለት ስለት ኖሮት 51 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጫፍ የሚከፍተው ቁርጥ ርዝመቱ 51 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ስለት ኖሮት 38 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ደግሞ እያንዳንዱ ስለት ከመሐል ወደ ዳር 19 ሚሊ ሜትር ስለሚቆርጥ በድምሩ 57 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጠባቡ ጫፍ ከሰፊው በላይ ቆረጠ ማለት ነው። በሦስት አቅጣጫ የተከፈተ ቁስል በአንድ መስመር ከተሰነጠቀው ይልቅ ለመዘጋት ያስቸግራል።

ክብደትም ሌላው ጉዳይ ነው። በብዛት የሚሸጡት ጫፎች 100 ወይም 125 ግሬን ይመዝናሉ፤ ይህም ወደ 6.5 እና 8.1 ግራም ማለት ነው። አዳኙ የሚለማመድበት ጫፍና የሚያድንበት ጫፍ ክብደታቸው አንድ ካልሆነ የልምምዱ ጥቅም ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ የስለቱ ውፍረት ሊታይ ይገባል፤ ቀጭን ስለት በቀላሉ ይሳላል፣ ነገር ግን ጎድን ሲመታ ሊታጠፍ ወይም ሊሰበር ይችላል።

ማዕዘንና አጥንት

ምንም ዓይነት ጫፍ ቢመረጥ መጥፎ ማዕዘንን አያስተካክልም። የአጋዘን ልብና ሳንባ የያዘው ዒላማ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለቀስት የሚመቸው አጋዘኑ ጎኑን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ ሲቆም፣ ወይም ፊቱን በመጠኑ ወደ ወዲያ አዙሮ ሲቆም ነው። ወደ አዳኙ ፊቱን ባዞረ አጋዘን ላይ መወርወር አይመከርም፤ የትከሻው አጥንትና የደረቱ አጥንት መንገዱን ይዘጋሉ። ሰፊ ተከፋች ስለት በዚህ አጥንት ላይ ካረፈ ጉልበቱ በመክፈቻው ላይ ያልቃል።

ዘወር ብሎ በቆመ አጋዘን ላይ ደግሞ ፍላጻው ጎድኑን የሚነካው አግድም ነው። ከፊት የሚከፈቱ ጫፎች ደካማነታቸው የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ማዕዘን የሚያጋጥመው አዳኝ ከኋላ የሚከፈተውን ወይም ቋሚውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአደን ሕግ በአሜሪካ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በቨርጂንያ ለትላልቅ እንስሳት የሚውል የፍላጻ ጫፍ፣ ተከፋችም ቢሆን ሲዘረጋ፣ ስፋቱ ቢያንስ 22 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሆን ተደንግጓል። እንደ አይዳሆና ኦሪገን ያሉ ምዕራባዊ ግዛቶች ተከፋች ጫፎችን ለብዙ ዓመታት ከልክለው ቆይተዋል። መከራከሪያቸው የሚንቀሳቀስ አካል ያለው መሣሪያ ሊከሽፍ ይችላል የሚል ነበር። በብሪታንያ ደግሞ አጋዘንን በቀስት ማደን ራሱ ክልክል ነው። ደንቦች ስለሚሻሻሉ አዳኙ ጫፍ ከመግዛቱ በፊት የሚያድንበትን ግዛት የዓመቱን መመሪያ ማንበብ ይጠበቅበታል።

ከገዙ በኋላ

ተከፋች ጫፍ ቀጥ ብሎ መብረሩ አንድ ድብቅ አደጋ አለው። ያልተስተካከለ ደጋን ቋሚ ጫፍ ሲገጠምለት ወዲያውኑ ይጋለጣል፤ ፍላጻው ከዒላማው ይወጣል። በተከፋች ጫፍ ግን ጉድለቱ ይሸፈናል። ፍላጻው እየተወላገደ በርሮ ዒላማውን ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን እንስሳውን ሲመታ ጉልበቱ ወደ ጎን ስለሚባክን ጥልቀት ያጣል። ስለሆነም አዳኙ ፍላጻው በተወጠረ ወረቀት ላይ አልፎ የሚተወውን ቀዳዳ በማየት ደጋኑን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት። አንድ ክብ ቀዳዳና የላባዎቹ ምልክት ብቻ ከታየ በረራው ቀጥ ያለ ነው፤ ረጅም ቅዳድ ከታየ ግን ማስተካከያ ያስፈልጋል።

ዒላማ ላይ የተወረወረ ስለት ይደነዝዛልና ለአደን ከመዋሉ በፊት መቀየር ወይም መሳል ይኖርበታል። የጎማ ቀለበቶችና አንገትጌዎች ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ይተካሉ። ጫፉ በፍላጻው ላይ የሚጠብቀው በመፍቻ እንጂ በባዶ ጣት አይደለም፤ ብዙ አዳኞች የሚቆስሉት እንስሳው ሳይመጣ በገዛ ስለታቸው ነው።

በመጨረሻም ርቀት አለ። አጋዘኑ በ27 ሜትር ላይ ቢቆምና ፍላጻው በሴኮንድ 85 ሜትር ቢጓዝ፣ እስኪደርስ 0.32 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። የአውታሩ ድምፅ ግን በ0.08 ሴኮንድ ቀድሞ ይደርሳል። አጋዘኑ ለመደንገጥና ለመሸሽ ጎንበስ ለማለት ወደ ሩብ ሴኮንድ የሚጠጋ ጊዜ አለው፤ ይህም ሳንባ ላይ የታለመውን ፍላጻ ከፍ አድርጎ ለማሳለፍ ይበቃል። ፈጣን ደጋንም ሆነ ሰፊ ስለት ይህን ክፍተት አይሞሉትም። የሚያጠብበው ተጠግቶ መወርወር ነው።

ፍላጻው ካረፈ በኋላ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በተገኘው ፍላጻ ላይ አረፋ ያለው ቀላ ያለ ደም ሳንባ መመታቱን ያመለክታል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ይበቃል። ጠቆር ያለ ደም ጉበትን ያሳያል፤ አራት ሰዓት ያህል መጠበቅን ይጠይቃል። አረንጓዴ እድፍ ያለበት ደግሞ አንጀት ነው፤ ከስምንት ሰዓት በላይ ሳይጠብቁ መከተል እንስሳውን አስነስቶ ያርቀዋል።

ለጠንካራ ደጋን፣ ለተስተካከለ ፍላጻና ለቅርብ ርቀት ተከፋች ጫፍ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሰፊ የደም ዱካ በመስጠትም ፍለጋውን ያቀላል። ጉልበቱ አነስተኛ ለሆነ፣ ወይም ትልልቅ አጥንት ያለው እንስሳ ለሚያድን ግን ቋሚው ይታመናል። ጫፍ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ አዳኝ እንግዲህ ከስለቱ ስፋት በፊት የራሱን ፍላጻ ክብደትና ፍጥነት አውቆ ቢሄድ፣ ከመቶዎቹ 18 ቁስለኞች የአንዱን ዕጣ ሊቀይር ይችላል።